የሰባተኛው ጉድጓድ ግምት

ዓባይነህ ከወህኒ ቤቱ በር ወጥቶ ወደ ልደታ ሲጣደፍ የሐምሌ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘው። ጋቢውን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ሄደ እንጂ ከማንም ደጃፍ አልተጠለለም። የጣሊያኑ መርማሪ የካፒታኖው ቃል ጆሮው ውስጥ ነበር። ካፒታኖው ምርመራውን ጨርሶ እጁን በመሐረብ እየጠረገ እንዲህ ብሎታል፦

«ለሲኞር ቫላርዲ ንገረው። የጠፋው አልማዝ ምን ያህል እንደሚያወጣ ገምቶ ነገ ጠዋት ይላክልኝ። ከአሥር ሺህ ሊሬ በታች ከሆነ ሰውየው ይታሰራል። ከዚያ ካለፈ ይሰቀላል።»

ሰውየው ያለው ገረሱን ነው። ገረሱ የዓባይነህ እህት የመሰለች ባል ነው። ካፒታኖው ይህን አያውቅም፤ ዓባይነህም አልነገረውም። ቢነግረው ሌላ አስተርጓሚ ያስመጣ ነበር። ሌላ አስተርጓሚ ከመጣ ደግሞ ገረሱ በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ የሚያውቀው ፊት አያገኝም።

በምርመራው ገረሱ የተናገረው ከመጀመሪያው ቀን የተናገረውን ነው።

«ጎጀብን ስንሻገር በቅሎዋ ወደቀች። ከረጢቱ ተቀደደ። ጠጠሩን ከነውሃው ሰብስቤ በያዝኩት ቅል ውስጥ ጨመርኩ፣ አፉን በኮባ ቅጠል አሰርኩ፣ ልደታ ድረስ አመጣሁ። ጸሐፊው ፊት ገለበጥኩት። መዘነው፤ ልክ ነው አለ። ሌላ ምን ላድርግ? አንድ ጠጠር ወንዝ ውስጥ አልተውኩም።»

ዓባይነህ ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረጎመው። ካፒታኖው ግን ታሪኩን ሲሰማ ሦስተኛ ጊዜው ነበርና ጆሮ አልሰጠውም።

ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ ሁለተኛው ክረምት ነበር። ከየካቲቱ እልቂት ወዲህ ሰው በመንገድ ሲሄድ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ነው። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን በታች ያለው ሰፊ ግቢ የአንድ ፊታውራሪ ነበር፤ ፊታውራሪው ጫካ ሲገቡ የጣሊያን ማዕድን ፈላጊዎች ወረሱት። እነዚህ ሰዎች ከጎጀብ ማዶ በአንድ ወንዝ ዳር አልማዝ ይፈልጋሉ። ወንዙን ተከትለው ጉድጓድ ያስቆፍራሉ። ከየጉድጓዱ የወጣው ጠጠር እዚያው ይታጠብና ከባድ ከባዱ ተለይቶ፣ በከረጢት ታሽጎ፣ በበቅሎ ልደታ ይገባል። በቅሎ ነጂው ገረሱ ነበር።

ዓባይነህ የሚሠራው ልደታ ባለው የሞራ ገበታ ላይ ነው፤ ጣሊያንኛ ስለሚያውቅም ካፒታኖው ሲፈልገው ለአስተርጓሚነት ይወስደዋል። ገበታው ዘንበል ብሎ የቆመ ሰፊ ሳንቃ ነው። ፊቱ በወፍራም ሞራ ተለስኗል። ጠጠሩን ከነውሃው ከላይ ይለቁታል። ሌላው ድንጋይ ሁሉ ከውሃው ጋር ተንሸራቶ ይወርዳል። አልማዝ ግን ውሃ አይዘውም፤ ሞራውን ሲነካ ተለጥፎ ይቀራል። ያን ሞራ ፍቀው በድስት ያፈሉታል። ስቡ ይንሳፈፋል፣ ድንጋዩ ይዘቅጣል። የዘቀጠውን ቫላርዲ ይወስደዋል።

ቫላርዲ ገማቹ ነው። ሽማግሌ ነው፤ ብዙ አይናገርም፤ ሠራተኛ ተሳድቦ አያውቅም። በመስኮቱ አጠገብ ነጭ ወረቀት ዘርግቶ ድንጋዩን በወንፊት እንደ መጠኑ ይለየዋል። ነጩን ከቡናማው፣ ደህናውን ከስንጥቁ ያበጥራል። ይመዝናል። ከዚያ የእጁን መዳፍ ከማይሞላ ጠጠር ተነሥቶ የአንድ ወንዝ ሙሉ ዋጋ ይናገራል። ሮም ያሉት አለቆቹ የሚያምኑት እሱን ብቻ ነው ይባላል።

ዓባይነህ ውሃ እያንጠባጠበ ገብቶ የካፒታኖውን ቃል ነገረው። ቫላርዲ ማጉያ መነጽሩን ከዓይኑ አወረደ።

«አሥር ሺህ» አለ። «ዝቅተኛ ነው።»

ወረቀቱ ላይ ሁለት ትንንሽ ክምር ነበር። በመካከላቸው ባዶ ቦታ ተትቷል።

«ይኼ ከስድስተኛው ጉድጓድ የወጣው ነው። ይኼ ከስምንተኛው ነው። ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። ሰባተኛው መካከላቸው ነው። ግራና ቀኙ እንዲህ ከሆነ መካከሉ ምን ይሆናል?»

«እንደነሱ ይሆናል።»

«እንግዲህ አንተው ገመትከው።»

ዓባይነህ ወደ ወረቀቱ ተጠጋ።

«ሲኞሬ፣ ዝቅ ያድርጉት። ሰው ይሞታል።»

«ሰውየው ምንህ ነው?»

«የእህቴ ባል ነው።»

ቫላርዲ ማጉያውን ወረቀቱ አጠገብ አኖረ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ስማኝ» አለ በመጨረሻ። «ማንም የማያውቀው ነገር አለ። እያንዳንዱ ከረጢት ከመታሸጉ በፊት ጉድጓዱ ዘንድ ያለው ባልደረባችን ምልክት የተደረገባቸው ሁለት አልማዞች ይጨምርበታል። ምስክር እንላቸዋለን። እዚህ ሲደርስ ምስክሮቹ ከወጡ ገበታው በደንብ ሠርቷል፣ በመንገድም ማንም አልነካውም ማለት ነው። በመንገድ ከተቀደደው ከሰባተኛው ጉድጓድ ከረጢት የወንዙ ድንጋይ ባይወጣ ጉድጓዱ ባዶ ነው እል ነበር። ግን ምስክሮቹም የሉም። እነሱ እግር የላቸውም። እህትህ ባሏን የምታውቀውን ያህል እኔም ድንጋይን አውቃለሁ።»

«እህቴ ባሏን ታውቀዋለች፤ አልሰረቀም» አለ ዓባይነህ።

ቫላርዲ መነጽሩን ወደ ዓይኑ መለሰ። «ማታ እጽፈዋለሁ። እስከዚያ ሂድ፤ ልብስህን ቀይር።»

ዓባይነህ ልብሱን አልቀየረም። በቀጥታ ጌጃ ሰፈር ወረደ።

መሰለች ከጎረቤቷ ከቀመሪያ ጋር ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ሰፌዱ በሁለቱ ጉልበት ላይ ነው። መሰለች ራሷን በጥቁር ሻሽ አስራለች። ወንድሟን ስታይ ብድግ አለች።

«ጋሼ፣ ምን አሉ?»

«ነገ ይታወቃል።»

«እንዴት ነው? ከሳ?»

«ደህና ነው። ይቀልዳል።»

ይህ እውነት ነበር። ገረሱ በምርመራው መካከል የካፒታኖውን ጫማ አይቶ «ይኼን ጫማ ተጫምቶ ጎጀብን ቢሻገር አሳው ይስቅበታል» ብሏል። ዓባይነህ ያንን አልተረጎመም።

ቀመሪያ ወሎዬ ናት። ሐዘን ባለበት ቤት ሁሉ ምላሷን ይዛ ትገባለች፤ ሰውም ስለዚያ ይወዳታል።

«ነገ ይታወቃል አሉ!» አለች ምስሯን እየለቀመች። «ከፋሲካ በኋላም እንዲሁ 'ታወቀ' ብላችሁ ነበር። ገረሱን በመኪና ጭነው ወስደው ረሸኑት አላችሁ። እኔም በዚህ እጄ፣ በባሌ በሁመድ ምላጭ፣ እሷን ልጭት አድርጌ ላጨኋት። በሳልስቱ ሰውዬው 'ስንቅ ላኩልኝ' ብሎ ላከ። በሶ የሚጠይቅ ሙት በዕድሜዬ ያየሁት ያኔ ነው!»

መሰለች ፈገግ አለችና ወዲያው ፊቷ ተመለሰ።

«አንቺ ትስቂያለሽ። እኔ እፈራለሁ። ሰው በሕይወት እያለ ተላጨሁለት። ሟርት ነው።»

«አይዞሽ» አለ ዓባይነህ። ከሰፌዱ ጫፍ ተቀምጦ እሱም ጠጠር መልቀም ጀመረ።

«ያ ሁሉ ፀጉር!» አለች ቀመሪያ። «ያውም በቅቤ የራሰ።»

«እሱ ያመጣው ቅቤ እኮ ነው» አለች መሰለች። ድምፅዋ ቀስ አለ። «ሌሊት ከመያዙ በፊት፣ ያን ማታ ከመንገድ እንደ መጣ፣ 'ስንቄን ጨርሼ ቅቤ አልተረፈኝም' ብሎ ባዶውን ቅል ሰጠኝ። እጄን ሰድጄ ጎኑን ብነካው ወፍራም ቅቤ ይዟል። አሁን ቅቤ ማን ያገኛል? ሙልጭ አድርጌ ፈቅሁና ራሴን ተቀባሁት። አሸዋ አሸዋ ይላል። 'ገረሱ፣ ይኼን ቅቤ ከወንዝ ውስጥ ነው እንዴ የገዛኸው?' ብለው፣ 'ጎጀብ አብሮኝ መጣ፤ እንግዳ ነው፣ ቻይው' ብሎ ሳቀብኝ።»

የዓባይነህ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«የትኛው ቅል ነው?»

«የቱ ይሆናል፤ የቅቤው ቅሉ ነዋ። በመንገድ ሌላ ምን ቅል ይይዛል?»

«ጠጠሩን የገለበጠበት?»

«እሱን አላውቅም። አንድ ቅል ነው ያለው።»

ዓባይነህ ዓይኑን ጨፈነ። ውሃ የነካው ጠጠር ታየው። ውስጡ ቅቤ የተለሰነ ቅል ታየው። ቅሉ በበቅሎ ጎን ተንጠልጥሎ ዳገት ቁልቁለቱን እየተንገጫገጨ፣ ጠጠሩ ውስጡ እየተንከባለለ፣ እያንዳንዱ ፍሬ ቅቤውን እየነካ እየተመለሰ። እሱ በየቀኑ በገበታው ላይ የሚሠራውን በቅሎዋ ሳታውቀው ስትሠራ ነው የመጣችው። ጸሐፊው ፊት ሲገለበጥ ተራው ጠጠር ወረደ። አልማዙ ቅቤው ላይ ቀረ። ሚዛኑም ልክ ሆነ፤ አምስት ስድስት ቅንጣት ሚዛን አያዛባም።

«ፀጉርሽ የት ነው?» አለ።

«ምን?»

«የተላጨሽው ፀጉር። የት ጣላችሁት?»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። «ፀጉር ይጣላል እንዴ?» አለች ቀመሪያ። «ጠላት አንሥቶ ቢሠራባትስ? በጨርቅ ቋጥሬ እዚያ ጌሾው ሥር ቀበርኩት።»

ዓባይነህ ዶማውን አነሣ።

ጨርቁ ጭቃ ጠጥቶ ከብዶ ወጣ። ፀጉሩ ተጨብጦ እንደ እርጥብ ሱፍ ሆኗል፤ ቅቤው ግን አሁንም ይዞታል። መሰለች እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየዋለች። የራስን ፀጉር ከመሬት ሲያወጡት ማየት ደስ አይልም። ዓባይነህ ድስት ጣደ፤ ውሃ ጨመረ፤ ልደታ እንደሚያደርገው ቀስ አድርጎ አፈላው። የቆየ ቅቤ ሽታ ቤቱን ሞላው። ስቡ ሲንሳፈፍ ገፈፈው፤ ፀጉሩን በእንጨት አንሥቶ ጣለው። ዝቃጩን በሰፌድ ላይ በተዘረጋ ነጠላ አጠለለው።

ጭቃና አሸዋ ቀረ። በጣቱ እየገለጠ ፈለገ። አንድ አገኘ። ቀጥሎ ሌላ። አምስት ሆኑ።

መሰለች ጎንበስ ብላ በጣቷ እየነካች ቆጠረቻቸው።

«እነዚህ ናቸው?» አለች። «ለእነዚህ ነው?»

የምስር ክክ አያክሉም። ሁለቱ ነጣ ያሉ ናቸው። ሦስቱ እንደ ደረቀ ሙጫ ቡናማ ናቸው።

«ምስር ውስጥ ባገኛቸው አውጥቼ እጥላቸው ነበር» አለች ቀመሪያ። በዚያ ሰዓት እሷም አልቀለደችም።

መሰለች የወንድሟን እጅጌ ያዘች። «ጋሼ፣ ይፈቱታል?»

ዓባይነህ ሳያጣራ ቃል የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ግን ልቡ ሞልቶ ነበር።

«ይፈቱታል» አለ።

መሰለች ሻሿን አጥብቃ አሰረች፤ ምስሩን አነሣች። «እንግዲያስ ልጣድለት። ከእስር የወጣ ሰው ባዶ ቤት አይገባም» አለች።

በልደታው ግቢ በር ላይ ባንዳው ኢታና ጠመንጃውን ታቅፎ ቆሟል። ዓባይነህን ሲያይ ሳቀ።

«አቶ ዓባይነህ! ቀን ወጥተው ማታ የሚመለሱ፣ እዚህ ሊያድሩ ነው እንዴ?»

«ፈትሸኝና አሳልፈኝ።»

«እዚህ ቤት ሰው የሚፈተሸው ሲወጣ ነው። ድንጋይ ይዞ የሚገባ ጅል አይተን አናውቅም። ይለፉ።»

ቫላርዲ ገና በወረቀቱ ላይ ነበር። ዓባይነህ የነጠላውን ቁራጭ ፈትቶ አምስቱን ፊቱ አኖራቸው፤ ሁሉንም ከቅሉ ጀምሮ ነገረው። ቫላርዲ ጥያቄ አልጠየቀም። ሁለቱን ነጫጭ በመቆንጠጫ አንሥቶ በማጉያው ሥር አዞራቸው። ከዚያ ሳቀ። ዓባይነህ ሲስቅ አይቶት አያውቅም።

«ቅቤ!» አለ። «በሞራ ስሠራ ሽማግሌ ሆንኩ፤ ቅቤ አላሰብኩም። ምስክሮቹ ናቸው። ምልክቱ ይኸው።»

«እንግዲያ አልሰረቀም።»

«አልሰረቀም። ይኼ ሰው የወንዙን ውሃ እንኳን ሰብስቦ አምጥቷል።»

ዓባይነህ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቫላርዲ ሦስቱን ቡናማዎች መዘነ። አንዱን ገልብጦ አየው፤ ስንጥቅ ነው። እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ ገመተ፦

«ሦስቱ ተደምረው የወደቀችውን በቅሎ አይገዙም።»

ከዚያም እንደ ልማዱ፣ በወረቀቱ ላይ በስድስተኛውና በስምንተኛው መካከል ባለው ባዶ ቦታ አኖራቸው። በጣቱ ከዳር እስከ ዳር ተከተላቸው። ነጭ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ነጭ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«ወንዙ መካከሉ ባዶ ነው» አለ።

«ምን አሉኝ?»

«ሰባተኛው ከሁሉ ሰፊው ጉድጓድ ነው። የወንዙ ዋጋ የቆመው እሱ ላይ ነው። እኔ መካከሉ እንደ ዳሩ ይሆናል ብዬ ገምቼ ሮም ከላክሁት ወር አልፎታል። በዚያ ግምት ገንዘብ ተሰብስቧል፤ ሰዎች መርከብ ላይ ናቸው።»

«ያርሙታ። ያገኙትን ይንገሩ።»

«የት ተገኘ ይሉኛል። በሚስቱ ፀጉር ውስጥ እላለሁ። ካፒታኖው ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚሰማ ይመስልሃል? ስለ ሞራና ስለ ቅቤ ቁጭ ብሎ ይማራል? ሚስቱ ደብቃው ነበር ብሎ ሁለት ገመድ ያዘጋጃል።»

ዓባይነህ ይህን አላሰበውም ነበር። መንገዱን ሁሉ ሲሮጥ እውነቱ በእጁ እንዳለ እንጂ እውነቱ እህቱን እንደሚያንቅ አልታየውም። ቢሆንም ቶሎ መለሰ።

«እንግዲያስ ከገበታው ላይ ተገኘ ይበሉ። እኔ ነኝ ሞራውን አጥርቼ ሳልፍቅ የተውኩት። በእኔ ይሁን። እኔ ልታሰር።»

ቫላርዲ ቀና ብሎ አየው። እንደ ሰው ያየው ያን ጊዜ ነበር።

«ልብህ ጥሩ ነው» አለ። «ግን አይሆንም። ገበታው አምስት ድንጋይ ከደበቀ የስድስተኛውን ማን ያምናል? የስምንተኛውን ማን ያምናል? አንዱ ጉድጓድ ከተጠረጠረ ሁሉም ይጠረጠራል። ያን ጊዜ ግምት የሚባል ነገር አይኖርም።»

«ግምቱ አይኖርም። ሰውየው ግን ይኖራል።»

ቫላርዲ ሁለቱን ምስክሮች በመቆንጠጫ አንሥቶ ወደ ትንሿ ሣጥናቸው ከተተ። ለሌላ ከረጢት ያገለግላሉ። ከዚያ ወረቀቱን በጥንቃቄ አነሣ፤ የስድስተኛውና የስምንተኛው ክምር እንዳይነካ በመዳፉ ከልሎ፣ ሦስቱን ቡናማዎች በመስኮቱ ወደ ጭቃው አራገፋቸው።

«ምሕረት እንዲያደርግለት ከግምቱ ጋር እለምነዋለሁ» አለ ጀርባውን ሰጥቶ። «አሁን ወደ ቤትህ ሂድ።»

ዓባይነህ ወደ ቤቱ አልሄደም። ጌጃ ሰፈርም አልወረደም። እዚያ ምስር ተጥዷል።

ጠዋት ካፒታኖው አስጠራው። ገረሱን ወደ ግቢው አውጥተውታል፤ እጁ ታስሯል። ካፒታኖው ወረቀቱን አነበበ፤ ዓባይነህ እየተከተለ ወደ አማርኛ መለሰው። የራሱ ድምፅ ከሌላ ሰው አፍ የሚወጣ መሰለው። የጠፋው አልማዝ በገማቹ ግምት ሃያ ሁለት ሺህ ሊሬ ነው። ስለዚህ በስቅላት ይቀጣ። ምሕረት የሚል ቃል በወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ገረሱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ።

«ጋሽ ዓባይነህ፣ ሃያ ሁለት ሺህ ስንት በቅሎ ይገዛል?»

«ብዙ።»

«እንደዚያ ያህል ተሸክሜ ነበር? እኔ እኮ የከበደኝ ለስንቅ የያዝኩት ጨው ነው የመሰለኝ።»

ካፒታኖው «ምን ይላል?» አለ። ዓባይነህ «ቃሉን ሰምቻለሁ ይላል» ብሎ መለሰለት። ከዚያ የሚተረጉም መስሎ ወደ ገረሱ ዞረ፤ ፊቱን ሳያንቀሳቅስ በፍጥነት ተናገረ።

«ስማኝ። ድንጋዩን አግኝተነዋል። ቅሉ ውስጥ ያለው ቅቤ ነው ይዞ ያስቀረው። አልሰረቅህም። ገማቹም ያውቃል። ግን አይናገርልህም።»

ገረሱ ዓይኑን አፈጠጠ። ነገሩ ቀስ እያለ ገባው። ከዚያ ሳቅ አመለጠው፤ ወታደሮቹ ዘወር ብለው አዩት።

«ታዲያ ቅቤውን ይስቀሉታ!» አለ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። የታሰረ እጁን ወደ ፊቱ አንሥቶ አፍንጫውን ጠረገ።

«ቅቤውን እኮ መሰለች ተቀባችው» አለ።

«አዎን።»

«እንዳትሰማ። እሷ ራስዋን ትከሳለች። አንቱ አደራ። ጠጠሩ ወንዝ ውስጥ ቀረ በሏት።»

መሰለች ድስቱ አጠገብ ቆማ ማየቷን፣ በጣቷ ነክታ መቁጠሯን ዓባይነህ አልነገረውም።

«እሺ» አለ። «አልነግራትም።»

«ቅሉን ግን አይጣሉት። ጥሩ ቅል ነው።»

ካፒታኖው «አሁንስ ምን አለ?» አለ። ዓባይነህ ጣሊያንኛው ጠፋበት። ካፒታኖው ትከሻውን ነቅንቆ ለወታደሮቹ ምልክት ሰጠ።

ዓባይነህ ጌጃ ሰፈር ሲደርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ዝናብ ያደረበት ቆርቆሮ ይጨሳል። ጌሾው ሥር የቆፈረው ጉድጓድ ክፍቱን አድሮ ውሃ ሞልቷል። በሩ ገርበብ ብሏል። ምድጃው ላይ ድስቱ አለ፤ ምስሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲሞቅና ሲበርድ አድሮ ጠቁሯል። ቀመሪያ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ስታየው ተነሥታ ድስቱን ከደነች።

መሰለች ከጓዳ ወጣች። ነጭ ሻሽ አስራ ነበር። ጥቁሩን ለገረሱ ብላ አውልቃዋለች።

«ብቻዎን መጡ?» አለች።

ዓባይነህ ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ።

መሰለች አልጮኸችም። ሁለት እጇን ወደ ራሷ ሰደደች፤ ሻሹን ገፈፈች፤ እናቷ እንዳደረገችው፣ አክስቶቿ እንዳደረጉት፣ ፀጉሯን ልትነጭ ጣቶቿን ከፈተች። ጣቶቿ የሚይዙት አላገኙም። ያቆጠቆጠው ፀጉር ከጣት ጥፍር አያልፍም። ደጋግማ ዳሰሰችው፤ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ በጨለማ ዕቃ እንደ ጠፋበት ሰው።

ከዚያ ወደ ወንድሟ ቀና አለች።

«ጋሼ» አለች፣ «አሁን ምኔን ልላጭለት?»